የሰልፉ መጨረሻ

አክስቴ ቨርዴል በምርጫው ቀን ማለዳ ልጇን ቁርስ ከለከለችው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እንቁላሉ ተጠብሶ፣ የበቆሎ ገንፎው ቅቤ ጠብ ተደርጎበት፣ ዴሾን ሹካውን አንስቶ ሊጀምር ሲል ሳህኑን ከፊቱ ላፍ አድርጋ ምድጃው ላይ አስቀመጠችው። «ድምፅህን ሰጥተህ ስትመጣ ትበላለህ» አለችው። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው፣ ጢሙን ያንዠረገገ ሰውዬ እኮ ነው! እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ልስቅ ስል የዴሾንን ፊት አየሁና ሳቄን ዋጥኩት። አልተናደደም፣ አላኮረፈም። ፈርቷል። ሰው ቁርሱን ቢነጠቅ ይናደዳል እንጂ ምን ያስፈራዋል ብዬ ነገሩን በሆዴ ያዝኩት።

የአክስቴን ነገር ካላወቃችሁ ይህን ቤት አታውቁትም። ለሌላው ሰው ምርጫ ፖለቲካ ነው፣ ለሷ ግን ቅዳሴ ነው በሉት። ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ድስት ስታማስል ኖራ ጡረታ ወጥታለች፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ግን አስፈጻሚ ሆና ትቀመጣለች። ያን ለት ጠዋትም ጥቁር ሰማያዊ ልብሷን ተኩሳ፣ የደረት ባጇን ሰክታ፣ ጫማዋን ወልውላ ከኛ ሁሉ ቀድማ ተነስታ ነበር። አባቷ አሞስ የነጭ መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር፣ ለመራጭነት ሊመዘገብ የሄደ ለት ማታውኑ ከነልጆቹ ከእርሻው ተባረረ። ይህን ታሪክ ከጡት ጋር ነው የጠባነው። ስለዚህ በሷ ፊት «ድምፅ ምን ይረባል» ማለት የአያታችንን መቃብር መራገጥ ነው። ዴሾን ግን ያን ለት አለው።

«እማዬ፣ የኔ አንድ ድምፅ ምን ትለውጣለች? ይሄ ስቴት ለማን እንደሚሆን እኔ ሳልወለድ ያለቀ ነገር ነው።»

«እንደሱ የሚለኝ ሰው ሁሉ ማታ ማታ ሸሪፉን ሲራገም እሰማዋለሁ» አለች፣ ቦርሳዋን እየፈለገች። «ለኦላ ሜ ነግሬያታለሁ። ለፓስተሩ ነግሬያለሁ። ልጄ ዛሬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመርጣል ብዬ ላልነገርኩት ሰው የለም። እንዳታሳፍረኝ፣ አደራ።»

«ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ» አለ ዴሾን፣ ጠረጴዛውን እያየ።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። ዴሾንና እኔ አንድ ጎሚስታ ቤት ነው የምንሠራው፣ ጠዋት ጠዋት በኔ ፒክአፕ እወስደዋለሁ። ያን ለት ደግሞ አክስቴ በጨለማ መንዳት ስለማትወድ ሦስታችንም ፊት ወንበር ላይ ተጣብበን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ያወራችው እሷ ናት። አብራት አስፈጻሚ የሆነችው ኦላ ሜ የምታመጣው ኬክ ሁልጊዜ እንደሚደርቅ፣ ከሁለቱ ማሽኖች አንዱ ባለፈው ምርጫ ማስቸገሩን፣ የፓስተሩ ሚስት የፀጉር ቀለሟን መቀየሯን፣ ምኑ ቅጡ። ዴሾን መሀል ተቀምጦ ጉልበቶቹን ያሻሻል። ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ደጃፍ ስናወርዳት ጉንጩን ቆንጥጣው ወረደች፣ ጫማዋን ጠጠሩ ላይ እያንኳኳች ገባች። እሷ ስትገባ ጠብቆ ዴሾን መስኮቱን ዘጋ።

«ከርቲስ፣ አልጨረስኩም» አለኝ።

«ምኑን?»

«አመክሮውን።»

መኪናውን ከመንገድ አውጥቼ አቆምኩ። በመጋቢት እኮ ድግስ በልተናል! ስምንት ዓመት ተፈርዶበት ሦስቱን ታስሮ ወጣ፣ አምስቱ ታገደለትና ሁለት ዓመት በአመክሮ እንዲቆይ ሆነ፣ ያም በመጋቢት አለቀ ተብሎ አክስቴ ግቢ ውስጥ ዓሣ ተጠብሶ፣ ኬክ ላይ «ነፃ ሰው» ተብሎ ተጽፎ፣ እኔ ራሴ ሁለት ቁራሽ በልቻለሁ። እንዴት ነው አላለቀም የሚለኝ? ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ሥራ አልለቅ ብሎት ሁለት ጊዜ ከተቆጣጣሪው ዘንድ ሳይቀርብ ቀረ። ዳኛው ጠርቶ እስከሚመጣው ዓመት መስከረም አራዘመበት። ያን ለት ለእናቱ ሊነግራት ቤት ሲገባ ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ዘይቱ ይንጣጣል፣ እናቱ እያለቀሰች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ምን ይበል? ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ዝም እንዳለ ነው። በሰኔ ቤተ ክርስቲያኑ መራጭ ሲመዘግብ እናቱ በፓስተሩ ፊት ብዕር አቀበለችው፣ እሱም ፈረመ። «ያኔውኑ ነው የሞትኩት» አለኝ። ጠመንጃ አትያዝ፣ ከስቴቱ አትውጣ፣ ድምፅ አትስጥ፤ ሦስቱም አንድ ላይ ነው የተነበቡለት። ድምፅ ከሰጠ የታገደው አምስት ዓመት ተመልሶ ይመጣል።

«ታዲያ ንገራታ! ምን ታረግሃለች፣ አትበላህ» አልኩት።

«ስምንት ወር ሙሉ ስትዋሸኝ ከረምክ ትለኛለች። ትለኝ እንኳ ጥሩ ነበር። ምንም አትልም እኮ። ዝም ብላ ታየኛለች። እስር ቤት ልትጠይቀኝ ስትመጣ በመስታወቱ በኩል እንደምታየኝ ታየኛለች። እሱን አልችልም፣ ከርቲስ። ሌላውን ሁሉ እችላለሁ።»

እንግዲህ ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጣቢያው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይዘጋል። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረስን እንላለን፣ ተዘጋ ይሉናል፣ አክስቴም መምጣታችንን በዓይኗ ታያለች፣ ቁጣዋ ለጊልያርድ ይተርፋል። ጊልያርድ አሠሪያችን ነው፣ እንኳን ለዚህ ለሌላም ይረገማል። የኔም ድምፅ አብሮ ይቅር አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልቆጨኝም። እኛ ስቴት ውስጥ የፕሬዚዳንት ምርጫ የሰው ሠርግ በአጥር ላይ እንደማየት ነው። ተወዳዳሪዎቹ በላያችን በአውሮፕላን አልፈው ጆርጂያና ሰሜን ካሮላይና ይወርዳሉ፣ ለነዚያ ይምላሉ፣ ለነዚያ ያለቅሳሉ። እኛን ሊዋሹን እንኳ አይመጡም።

ጎሚስታ ቤቱ ያን ለት ገበያ ደርቶለት ዋለ። ሚስማር የወጋው ጎማ መድፈን አሥራ አምስት ዶላር፣ ያገለገለ ጎማ አርባ፣ ጊልያርድ ፊቱን ላልወደደው ሰው ሃምሳ። የመጣው ሁሉ ስለ ምርጫው ያወራል። አንዱ ማሸነፊያው ስንት እንደሆነ በሒሳብ አሰላልኝ። ሌላው ድምፅ ቆጣሪዎቹ ምድር ቤት ተደብቀው እንደሚሠሩ አጎቱ ነግሮታል። ደረቷ ላይ «መርጫለሁ» የሚል ክብ ወረቀት የለጠፈች ሴትዮ የኋላ ጎማዋን ስናወጣላት ወንበር ላይ ተዘርፍጣ «አንዱ ማሽን ተበላሽቷል፣ ሰልፉ የመኪና ማቆሚያውን ዞሮ መንገድ ወጥቷል» አለችን። ዴሾን ክሪኩን እየደፈቀ ቀና ብሎ አያትና ቀጠለ። ቀኑን ሙሉ እንደሱ ነው፤ ቀና ይላል፣ ይሰማል፣ ይመለሳል። ምሳ አልበላም። አክስቴ በምሳ ሰዓት ደወለች፣ ከሰዓት በኋላም ደወለች። «ልጄስ? እስካሁን አልመጣም። ሰዎቹ ይጠይቁኛል» ትለኛለች፣ ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። እኔም «ሥራ በዝቶ ነው፣ ይመጣል» እያልኩ እዋሻለሁ። ለአንድ ሰው ውሸት ስንት ሰው እንደሚቀጠር ያን ለት ነው ያወቅኩት። ስልኩን ስዘጋ ጊልያርድ «ማን ናት? ሚስትህ?» አለኝ። «ዲሞክራሲ ናት» አልኩት። እሱ ሳቀ፣ ዴሾን አልሳቀም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጎሚስታ ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ በፊት እንዲህ ቀስ ብለን እጃችንን ታጥበን አናውቅም። ጥፍራችንን በብሩሽ ፈተግን። ነዳጅ ማደያ ገብተን የተቀቀለ ኦቾሎኒ ገዛን፣ ቆመን በላን፣ ሻጩን ስለ ልጆቹ ጠየቅን። ጨልሟል። አዳራሹ ጋ ስንደርስ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀራል፣ መኪና ማቆሚያው ዳር ዛፍ ሥር አቁሜ መብራቱን አጠፋሁ። ሰልፉ እንደተባለው ነው። ከበሩ ይጀምርና ግድግዳውን ይዞ ይዞራል፣ የነርስ ልብስ የለበሱ፣ ሕፃን ያቀፉ፣ ወንበር ይዘው የመጡ አሮጊቶች። ዴሾን በስልኩ ሰዓቱን እያየ ከንፈሩን ይነክሳል። «አሁን እንዳለፈ እንወርዳለን» እለዋለሁ። «ሮጠን እንመጣለን። አንተ ትንሽ ታለከልካለህ።» እሱም ራሱን ነቀነቀ። ትልቅ ሰዎች እኮ ነን፣ ትምህርት ቤት ሊቀሩ የተማከሩ ልጆች መስለናል።

አንድ ሕግ ረስቼ ነበር። ጣቢያው ሲዘጋ በሩን የሚዘጋ የለም። ከአስፈጻሚዎቹ አንዱ ይወጣና ከመጨረሻው ተሰላፊ ኋላ ይቆማል፤ ከሱ ፊት ያለ ሁሉ እስኪነጋም ቢሆን ይመርጣል፣ ከሱ ኋላ የመጣ ይመለሳል። ያን ለት የሰልፉ መጨረሻ እንድትሆን የተመደበችው ማን መሰለቻችሁ? አክስቴ ቨርዴል ባጇን እያብለጨለጨች ግድግዳውን ዞራ ብቅ አለች፣ የእጅ ሰዓቷን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ያዘች፣ ሰልፉን በዓይኗ ለካች፣ ከዚያም ቀና ብላ የኔን ፒክአፕ አየች። የማያውቀው የለም፤ የፊት መከላከያው በሽቦ ነው የታሰረው። እኔ ዝቅ አልኩ። ብል ምን ዋጋ አለው! ጠጠሩ ላይ በዚያ ጫማዋ እየሮጠች መጣች፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ መስኮቱን በእጇ መታችው። «ምን ትጠብቃላችሁ? ደቂቃ ነው የቀረው! ውረድ! ኧረ ውረድ ልጄ!» በሩን ከፍታ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። ሰልፍ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ «ሩጥ! ሩጥ!» እያሉ አጨበጨቡለት። ሰልፉ ውስጥ አስገብታ አቆመችንና ከኋላው ሄዳ ቆመች። ሰዓቷን አየች። «ተዘግቷል!» ብላ ለጨለማው ጮኸች። ዴሾን የመጨረሻው መራጭ ሆነ። እኔ ከፊቱ፣ እናቱ ከኋላው።

ሰልፉ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ ከፊታችን የቆመ ወጣት ስልኩን እያየ ሳቅ በሳቅ ሆነ። «ሰዎች! የኛ ስቴት ታወቀ! አሸናፊው ተነገረ!» ምን አለ? አሉ። «ታወቀ እላችኋለሁ! በሩ በተዘጋ በደቂቃው!» ሁሉም ስልኩን አወጣ። እውነት ነው። አንዲት ድምፅ ሳትቆጠር፣ እኛ ደጅ ቆመን፣ ስቴታችን ለማን እንደሆነ ቴሌቪዥኑ ተናግሯል። «ታዲያ እኔ እዚህ የቆምኩት ማንን ልሸኝ ነው?» አለች አንዷ፣ ሕፃኗን በሌላው ትከሻዋ እያዞረች። ሳቁ፣ ተሳደቡ፣ አንድ አምስት ስድስት ሰው «በሉ ደህና እደሩ» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። አክስቴ ከኋላ «ወረቀቱ ላይ ፕሬዚዳንት ብቻ ነው እንዴ ያለው? ሸሪፉ አለ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ አለ!» እያለች ብትጮህ የሚሰማት አጣች። ሰው በሄደ ቁጥር ሰልፉ ያጥራል፣ ዴሾን ወደ በሩ ይጠጋል። የሄዱት ሰዎች እየገፉት ያሉ መሰለኝ።

«እማዬ፣ አለቀ እኮ ተባለ» አለ ዴሾን፣ ፊቱን ሳያዞር። «እንሂድ። እግርሽም ደክሟል።»

«ማነው አለቀ ያለው? እኔ ነኝ የሰልፉ መጨረሻ፣ እኔ እስካልገባሁ አላለቀም» አለች። ከዚያ ትከሻው ላይ የቀረውን የጎማ ብናኝ በመዳፏ እየጠረገችለት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በዚች ቀን ከኋላህ እቆማለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ስንት ሌሊት እንዳለቀስኩ አታውቅም። በቃ፣ አሁን እግዜር ቢገድለኝም ግድ የለኝም።»

ዴሾን ዞረ። «እማዬ» አለ። «አቤት ልጄ።» ይሄው ሊነግራት ነው አልኩ። ቀና ብላ ታየዋለች፣ መነጽሯ ላይ የበሩ መብራት አርፏል፣ ከንፈሯ ፈገግ እንዳለ ነው። «ምንም» አለ። «ውሃ ጠጥተሻል ወይ ልልሽ ነው።» እኔ ግን አልቻልኩም። «አክስቴ፣ አንድ ነገር…» ብዬ ስጀምር ዴሾን ክንዴን ያዘኝ። ቀኑን ሙሉ ብሎን የሚፈታ እጅ ነው፣ በማግሥቱ በልዞ አገኘሁት። ከዚያ ሦስታችንም ገባን።

አዳራሹ ውስጥ የኦላ ሜ ኬክ ተቆርሶ ጠረጴዛ ላይ ደርቋል፣ የልጆች ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ከመዝገቡ ጠረጴዛ ጎን በተጣጣፊ ወንበር ላይ ደግሞ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል። ከወንዙ ማዶ የመጣ ነጭ ሰውዬ ነው፣ ባጁ ላይ «ታዛቢ» ይላል፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ጭምት ነው። ለሚያልፈው ሁሉ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ አሮጊት ስትመጣ ወንበር ይስባል። አክስቴ ከኋላ ወደ ጆሯችን ተጠግታ «ቀኑን ሙሉ እንደሱ ነው፣ ሰው ስሙን ሲናገር እየሰማ ይጽፋል። ጠዋት አንድ ሽማግሌን አድራሻህ አይደለም ብሎ ተቃወመ። እናንተ ምንም እንዳይመስላችሁ። ሰው ሕጋዊ ከሆነ ምን ያረገዋል?» አለች። ዴሾን ሰውየውን አየው፣ ሰውየውም ፈገግ ብሎ አየው።

እንደ ምንም ጆሮው ሥር ተጠግቼ «ወረቀቱን ተቀበልና ምንም ሳትነካ መልሰው» አልኩት። «እሱስ ድምፅ መስጠት አይደለም ወይ?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! ጎማ ነው የማውቀው። ተራዬ ደርሶ ፈረምኩ፣ መረጥኩ፣ ምን ላይ ምልክት እንዳደረግኩ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። ዓይኔ ኋላዬ ነበር። ኦላ ሜ የዴሾንን መታወቂያ ተቀብላ ስክሪኗ ላይ ፈለገች። የለም በይ፣ የለም በይ እያልኩ ጸለይኩ። ሕይወቴን ሙሉ ጸሎቴ አልተሰማም፣ ያኔም አልተሰማም። «ይሄው! የቨርዴል ልጅ!» አለች ኦላ ሜ። «እዚህ ጋ ትፈርማለህ የኔ ቆንጆ። ለመምረጥ ብቁ ነኝ ብለህ ነው የምትምለው፣ በቃ።» ዴሾን ብዕሩን ያዘ። እናቱን አየ። እናቱ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗ ሞልቶ፣ አስፈጻሚነቷን ረስታ እናት ብቻ ሆና ቆማለች። ፈረመ።

እኛ ዘንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጥ አዳራሹ ያጨበጭባል። ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጨበጨብላቸው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ልጆች ናቸው፣ አፍረው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ዴሾን ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ሲያበቃ ኦላ ሜ ተነሥታ «አዲስ መራጭ!» ብላ ጮኸች። የቀረነው ጥቂት ብንሆንም አዳራሹ ደመቀ። የደከሙት አስፈጻሚዎች ሁሉ ተነሡ፣ ጠረጴዛ መቱ፣ አንዱ አፏጨ። ያ ታዛቢም ተነሥቶ ኮፍያውን ብብቱ ሥር አድርጎ አጨበጨበ። ከልቡ ነው ያጨበጨበው። ከዚያ ወረቀቱን አነሣና ወደ አክስቴ ጠጋ አለ።

«እንኳን ደስ ያለዎት እመቤቴ። ልጅዎ ነው? ስሙን በደንብ አልሰማሁትም።»

«ዴሾን አሞስ ፕሬሎ» አለች አክስቴ፣ ቀና ብላ።

«ፕሬሎ። አጻጻፉ እንዴት ነው?»

የኛ ቤተሰብ ስም የፈረንሳይ ቅርፅ ያለው፣ ሲጻፍ ከሚነበበው ሌላ የሆነ ጣጠኛ ስም ነው፤ በሄድንበት ሁሉ እያስጻፍን ነው የምንኖረው። አክስቴ ደግሞ ስሟን ሰው አሳስቶ ሲጽፍባት ትቆጣለች። ከጎኑ ቆማ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ፊደል በፊደል አስጻፈችው። አንዱን ሲስት «አይደለም፣ ከሱ ቀጥሎ ነው» ብላ አረመችው። አሞስ የተባለው በአያቱ ስም መሆኑን፣ የሚኖረው ከሷ ጋ መሆኑን፣ ጎሚስታ ቤት እንደሚሠራ ሁሉ ነገረችው። ሰውየው ሁሉንም እየሰማ ጻፈ፣ አመሰገናት፣ እጇን ጨበጠ። ለዴሾንም እጁን ዘረጋለት፣ ዴሾንም ጨበጠው።

አክስቴ ቆጠራውን ሳትጨርስ ስለማትወጣ እኛ ቀድመን ወጣን። መኪና ማቆሚያው ባዶ ነው። ሬዲዮ ልከፍት እጄን ሰደድኩና ተውኩት። ጥቂት መንገድ ሄደን «ማንን መረጥክ?» አልኩት።

«ፕሬዚዳንቱን ዘለልኩት» አለ። «አልቋል ተባለ አይደል? ሸሪፉንም ፈራሁት። ታች የአፈርና የውሃ ኮሚሽነር የሚል ነበር፣ እሱን መረጥኩ።»

«ከማን ጋር ነበር የተወዳደረው?»

«ብቻውን።»

አምስት ዓመት፣ ብቻውን ለተወዳደረ የአፈር ሹም! መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ምናልባት ማንም አይፈልገው ይሆናል አልኩት፤ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ማን ይመለከታል፣ ሰውየውም ወረቀቱን ነገ ይጥለዋል፣ አንድ ድምፅ እኮ ነው፣ አንድ ድምፅ ምንም ማለት አይደለም። ይህን ስናገር ራሴን ሰማሁትና አፌን ዘጋሁ። ዴሾን በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። የየቤቱ ቴሌቪዥን የምርጫውን ካርታ ያበራል፣ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ በየሳሎኑ።

«ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር» አለ።

የእናቱ ቤት ደጃፍ አቆምኩ። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ከርቲስ፣ ሊወስዱኝ ሲመጡ እሁድ ጠዋት ቢሆን ደስ ይለኛል» አለኝ። «እማዬ ቤተ ክርስቲያን ትሆናለች፣ አታይም።»